የተማሪዎቻችን የምክር አገልግሎት ይመለስ፦ ለዞናችን ትምህርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የዞናችን ትምህርት መምሪያ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተቋረጠው የተማሪዎች የምክር አገልግሎት እንዲመለስ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

በዞኑ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምናስተምር የ10ኛ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሆምሩም መምህራን ነን። በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ከመምሪያው የወጣው ሰርኩላር በተማሪዎቻችን ላይ ምን እንዳስከተለ እርስዎም ወላጆችም እኩል እንድታውቁት ብለን ደብዳቤውን በግልጽ ጽፈነዋል። ጉዳዩን ቀደም ሲል በየርዕሰ መምህሮቻችን በኩል አቅርበናል። ያገኘነው መልስ «ለሚመለከተው ተላልፏል» የሚል ብቻ ነው።

ሰርኩላሩ አጭር ነው። የመምህር እጥረት በመኖሩ በምክር አገልግሎት ላይ የተመደቡ መምህራን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይዘው ወደ ማስተማር እንዲመለሱ፣ የምክሩንም ሥራ ሆምሩም መምህራን ደርበው እንዲሠሩት ያዛል። እጥረቱ መኖሩን አንክድም፤ የጎደለውን ክፍለ ጊዜ ስንሸፍን የከረምነው እኛው ነን። የሚያስጨንቀን ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ልጅ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ምን ምን በር እንዳለው፣ ለየትኛው በር ምን እንደሚጠየቅና መቼ እንደሚዘጋ የመንገር ሥራ በዞናችን ባለቤት አጥቷል።

ከዚያ በፊት ባለቤት ነበረው። ይህን ደብዳቤ በመምህራኑ ስም የምጽፈው እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የምክር መምህሩ የ10ኛ ክፍል ልጆችን በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በየተራ እየጠሩ ያነጋግሩ ነበር። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ የሚሰጥ ትልቅ መዝገብ ነበራቸው። የሚወደው ትምህርት፣ የሚከብደው ትምህርት፣ ቤተሰቡ በምን እንደሚተዳደር፣ ከቤት ርቆ መማር ይችል እንደሆነ፣ ምን መሆን እንደሚፈልግ፣ ያ ባይሳካለት ሁለተኛ ሐሳቡ ምን እንደሆነ ሁሉ እዚያ ይሰፍራል። ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ገጹ ይገለጥና ንግግሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ዛሬ መዝገቡ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ አዲስ የተጻፈበት ነገር የለም። የምክር ቢሮው አሮጌ መጻሕፍትና የተሰበረ ዴስክ ተከምሮበታል። መምህሩ ባዮሎጂ እያስተማሩ ነው፤ ተማሪ በኮሪደር ሲያስቆማቸው ደወል እስኪደወል ቆመው ያናግራሉ።

ውሳኔው የመጣው ደግሞ ተማሪ መካሪ በጣም በሚያስፈልገው ዘመን ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እየተሰጠ ነው፤ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም ቢያንስ ግማሹን ነጥብ ማምጣት ግድ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ያስደስተናል። ሆኖም በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ያሰበው ያልሆነለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ተማር፣ ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ» ስንለው ለኖርነው ልጅ፣ ውጤቱ በወጣ ማግስት ሌላውን መንገድ የሚያሳየው ሰው በትምህርት ቤቱ የለም።

መንገዱ ራሱም በየዓመቱ እየተለወጠ ነው። የሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም መጣ። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግል ተቋምም የሚማር የዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና መፈተን አለበት። ይህን ሁሉ እየተከታተለ ከልጆቹ አቅም ጋር የሚያገናዝብ ሰው ጊዜ ያስፈልገዋል። እኛ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይዘን፣ አቴንዳንስ ወስደን፣ ማርክ ሊስት ሞልተን፣ ሮስተር ሠርተን፣ የቀረውን ተማሪ ቤቱ ድረስ ፈልገን በሚተርፈን ሰዓት ይህን ሥራ ልንሠራው አልቻልንም። በዚህ ዓመት የደረሱትን ነገሮች እንዘርዝር።

ነገሩ የሚበላሸው ገና ከ10ኛ ወደ 11ኛ ክፍል ሲታለፍ ነው። ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈተናቸው ትምህርቶችም፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚከፈቱለት የትምህርት ክፍሎችም በዚያ ምርጫ ይወሰናሉ። ዘንድሮ ምርጫው የተካሄደው በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ነው። መዝጋቢው «ማኅበራዊ ሞልቷል፣ ተፈጥሮ ቦታ አለ» ሲል ልጁ ተፈጥሮ ይሆናል። ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ሕግ አጠናለሁ ስትል የኖረች ተማሪ አለችን፤ ክርክር ላይ ክፍሉን ሁሉ ጸጥ የምታሰኝ ልጅ ናት። ፊዚክስ ላይ ግን እጅግ ትቸገራለች። ተፈጥሮ ሳይንስ ተመደበች። ሕግ የሚገባው በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል እንደሆነ ያወቀችው ጥር ላይ ነው፤ የነገረቻትም የጎረቤት ልጅ ናት። እንድትቀየር ስንጠይቅ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሊጀመር ነው ተባልን። በሌላ ትምህርት ቤት ደግሞ ሴክሽን ለማመጣጠን ተብሎ የአንድ ሰፈር ልጆች በሙሉ ወደ አንድ ዘርፍ ተዛውረዋል። የእነዚህ ልጆች ወላጆች አልተጠየቁም። አብዛኞቹ ወላጆች ልጃቸው በየትኛው ዘርፍ እንዳለ እንኳ የሚያውቁት ካርድ ሲመጣ ነው።

የምዝገባውን ጉዳይ በአጭሩ እናንሣ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ስም ሲመዘገብ ከ8ኛ ክፍል ካርዱና ከፋይዳ መታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል መገጣጠም ነበረበት። የምክር መምህሩ ይህን ከየተማሪው ጋር ተቀምጠው ያመሳክሩ ነበር፤ በተለይ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ስም። ዘንድሮ ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥቂት ቀናት ተለጥፎ ነበር፤ ዝናብ መታውና ተነሣ። የአያት ስማቸው የተለወጠ፣ ጾታቸው የተሳሳተ ልጆች አሉ። ሴት ተማሪ ወንድ ተብላ ስትመዘገብ ለሴቶች በምደባ የሚደረገው ድጋፍ ሊቀርባት ይችላል። የስም ስህተት ደግሞ የሚያስለቅሰው ከዓመታት በኋላ ዲግሪ ተይዞ ሥራ ሲፈለግ ነው። ለማረም አሁንም ጊዜ ስላለ ይህን ለብቻው በአስቸኳይ እንዲያዩልን እንጠይቃለን።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫው ላይ ግን ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ልጅ የተጎዳበት እዚህ ላይ ነውና።

ባለፈው ዓመት የተፈተኑት ልጆች ውጤታቸው ከወጣ በኋላ ምርጫቸውን በኢንተርኔት እንዲሞሉ ተነገራቸው። የሚሰጠው ቀን ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ኮምፒውተር ቀርቶ ስማርት ስልክ የላቸውም። የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል በዚያ ሰሞን ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉን የያዙት ባለሙያ በመምህር እጥረቱ ምክንያት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተሰጥቷቸው ክፍል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄዱ። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ወጣቱ ሠራተኛ የየልጁን ስም፣ የመለያ ቁጥርና የይለፍ ቃል የሚጽፍበት አንድ የመስመር ደብተር አለው። ገጽ በገጽ ሞልቷል። እንዳይረሳ ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ሰጥቷቸዋል፤ ከጎኑ በቀይ እስክርቢቶ «አልቋል» የሚል ምልክት አለ። ደብተሩ ያለው ባንኮኒው ላይ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የገባ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ምርጫውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚሞላው ስጠይቀው «ስክሪኑ ላይ በመጡበት ተራ ነው፤ የተለየ የፈለገ ካለ ይነግረኛል» አለኝ። በዚህ ወጣት አልፈርድም። የመንግሥት ሥራ ነው ተብሎ የተሰጠው የለም፤ ሰልፉ ደግሞ በር ላይ ነው።

በዚያ ደብተር ውስጥ ስሟ ካለ ልጆች አንዷ ከትምህርት ቤታችን ከፍተኛ ውጤት ካመጡት መካከል ናት። እናቷ ታማሚ ናቸው፤ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት የምታደርሳቸው እሷ ናት። ቅርብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ አስባ ነበር፤ ነጥቧም ከበቂ በላይ ነበር። ምርጫዋ የተሞላው በስክሪኑ ተራ ነው። ምደባ ሲወጣ ከቤቷ የሁለት ቀን መንገድ የሚርቅ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። አቤት ልንል ስንሞክር ሰነዱ የሚያሳየው የመጀመሪያ ምርጫዋ እንደተሟላላት ነው። እናቷን ጥላ መሄድ አልቻለችም፤ አሁን ቤት ናት። ምደባ በውጤት፣ በምርጫና በተቋሙ የመቀበል አቅም የሚሠራ ነገር መሆኑን፣ የጤና ችግር ወይም የአካል ጉዳት ያለበት፣ የምታጠባ እናትም የሆነች ተማሪ ማስረጃዋን በጊዜው ካቀረበች ጉዳይዋ ለብቻው ሊታይ እንደሚችል አስቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ ምርጫውን ከቤቷ ተቀምጣ፣ ከእናቷ ጋር ተማክራ፣ በወረቀት ጽፋ ይዛ ትመጣ ነበር። የምክር መምህሩ ያስደርጉ የነበረው ይህንኑ ነው። ውጤት ሳይወጣ በፊት እያንዳንዱ ልጅ የምርጫውን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ፣ ወላጁን አስፈርሞ ያስቀምጣል።

የተለየ የመግቢያ ፈተና ያላቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በተመለከተም በሒሳብ ብርቱ የሆነ፣ የተበላሸ ሬዲዮና ስልክ ፈታትቶ የሚጠግን ተማሪ ነበረን። ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መግባት ሲመኝ ኖሯል። እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ለብቻው መመዝገብና መፈተን እንደሚጠይቁ አላወቀም፤ በምርጫው ቅጽ ላይ ተራ ሲደርስ የሚሞላቸው መስሎት ነበር። ሲያውቅ ምዝገባው አልቋል። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ጋር የተፈተኑ የከተማ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ግን ቀኑንም፣ የፈተናውን ዓይነትም፣ ያለፈውን ዓመት ጥያቄም ይዘው ነው የገቡት፤ ትምህርት ቤታቸው ለዚህ ሥራ የመደበው ሰው አለና። በአንድ ዓይነት ፈተና የተፈተኑ ልጆች በመረጃ እንዲህ ሲራራቁ ማየት ለመምህር ከባድ ነው።

አሁን ወደ ብዙኃኑ እንምጣ። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነን የእነሱ ነገር ነው።

ውጤት የወጣ ዕለት በስልክ መልእክት ቁጥሩን ያየ ልጅ ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፤ አለፍኩ ወይም ወደቅሁ። ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በየዓመቱ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣውን የሪሜዲያል መቁረጫ ነጥብ ያሟላ ልጅ ሪሜዲያል ገብቶ፣ 30 ከመቶውን ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው ምዘና፣ 70 ከመቶውን በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ተመዝኖ ካለፈ አንደኛ ዓመት ይጀምራል። ከመቁረጫው በታች ያለው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ በደረጃ እየተመዘነ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) እየወሰደ ሙያ ሊይዝ ይችላል። በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም አለ። ለእያንዳንዱ የሚጠየቀው ነጥብ፣ የሚቀርበው ሰነድ፣ የምዝገባ ቀኑ ይለያያል። ልጁ ይህን ከማን ይስማ? ዘንድሮ ለሪሜዲያል የሚበቃ ነጥብ ይዞ «ወድቄያለሁ» ብሎ ምርጫ ሳይሞላ የቀረ ተማሪ አለን። ነጥቡ መብቃቱን የሰማው ጓደኞቹ ትምህርት ከጀመሩ በኋላ ነው። አሁን ሞተር ብስክሌት ላይ ሰው እያመላለሰ ነው፤ ሥራው የሚያሳፍር አይደለም፣ ግን እሱ መርጦት አይደለም የገባበት።

በዚህ ክፍተት የሚገባ ሰው ደግሞ አለ። ውጤት በወጣ በሳምንቱ መናኸሪያው አካባቢ «ያለ መግቢያ ነጥብ ዲግሪ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ደላሎች ቤት ለቤት ዞሩ። አንድ አባት በሬ ሸጠው ልጃቸውን አስመዘገቡ። ደረሰኙን ይዘው ወደ እኔ የመጡት ልጃቸው የሚማረው ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ነበር። ደረሰኙ ላይ ማኅተም አለ፣ የገንዘቡ መጠን አለ፣ «ምዝገባ» የሚል ቃል አለ፤ የትምህርት ክፍሉ ስም የለም። አንድ የግል ተቋም ፈቃድ የሚያገኘው በየትምህርት ክፍሉና በየካምፓሱ እንደሆነ፣ በአንድ ከተማ የተፈቀደለት ሌላ ከተማ ላይ ተማሪ መቀበል እንደማያስችለው፣ ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚያጣራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እንደሆነ ለእኚህ አባት ማንም አልነገራቸውም። የመግቢያ መስፈርቱን ሳያሟላ ዲግሪ የጀመረ ተማሪ ዓመታት ከከፈለ በኋላ ማስረጃው ሊመረመር፣ ለመውጫ ፈተናም ላይቀርብ እንደሚችልም አልሰሙም። ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ታዲያ ይህን የሚነግረን ከመክፈላችን በፊት ማን ነበር?» ብለው። ጥያቄያቸውን ወደ እርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ስለ ገንዘብ ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት እንዴት እንደሚሠራ የማያውቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጃቸው ሲገባ ውል እንደሚፈርም፣ የሚከፍለውም ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ እንደሆነ ባለማወቃቸው «ገንዘቡን ከየት እናመጣለን» ብለው ሴት ልጃቸውን ያስቀሩ ቤተሰቦች አጋጥመውናል። ይህ በአንድ የወላጅ ስብሰባ ላይ በሩብ ሰዓት ሊነገር የሚችል ነገር ነበር።

ዓይነ ስውራን ተማሪዎቻችንን በተመለከተ ብዙ አንልም፤ ጥቂት ናቸው፣ ችግራቸው ግን የሁሉም ድምር ነው። ቅጹን የሚያነብላቸው፣ ዩኒቨርሲቲው የብሬል ማንበቢያና የሚረዳ ማዕከል ያለው መሆኑን የሚያጣራላቸው ሰው ከሰርኩላሩ በኋላ የለም። አንዱ ተማሪያችን ምርጫውን የሞላለት ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ወንድሙ 6ኛ ክፍል ነው።

በዚህ ዓመት ከመምሪያው ባለሙያዎች ጋር ስንነጋገር ሁለት መልስ ሰምተናል። አንደኛው «መረጃው ሁሉ ቴሌግራም ላይ አለ» የሚል ነው። አለ፤ ሐሰቱም እዚያው አለ። «ምደባ እናስቀይራለን፣ ውጤት እናስጨምራለን» እያሉ ብር የሚቀበሉ ቻናሎች ከትክክለኛው ጋር ጎን ለጎን ናቸው፤ አርማውን ገልብጠው ስለሚለጥፉ መምህር እንኳ ለመለየት ይቸገራል። ስልክ የሌለው ልጅ ደግሞ ሐሰቱንም እውነቱንም ከሰው አፍ ነው የሚሰማው። ሁለተኛው መልስ «መጀመሪያ ይለፉ፣ ምክሩ ከዚያ ይደርሳል» የሚል ነው። ይህን አንቀበለውም። ልጅ የሚያጠናው የሚሄድበትን ሲያውቅ ነው። በ9ኛ ክፍል «ነርስ ለመሆን ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ምን ያህል መበርታት አለብኝ» ብሎ የጠየቀና መልስ ያገኘ ተማሪ ደብተሩን አያያዙ ይለያል፤ ይህን በየክፍላችን እናየዋለን። ብዙዎቹ ልጆቻችን የዩኒቨርሲቲ በር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጡት ሊፈተኑ ሲሄዱ ነው። ምንም ሳያውቁ ገብተው፣ ምንም ሳያውቁ ይመለሳሉ።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ሆምሩም መምህራን ከዚህ ሥራ መሸሽ አንፈልግም። ልጆቹ የእኛ ናቸው፤ ስማቸውንም ቤታቸውንም እናውቃለን። ግን የሚመራው ሰው፣ የሚሠራበት ሰዓትና ቦታ የሌለው ሥራ በወረቀት ላይ «ተደርቧል» ስለተባለ አይሠራም። ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ መምህር በግማሽ ክፍለ ጊዜ እያስተማሩ በቀረው ሰዓት የምክር ሥራውን እንዲመሩ ሰርኩላሩ ይሻሻል። ሙሉ በሙሉ ከማስተማር ይውጡ አላልንም፤ ግማሹን እኛ ተከፋፍለን ለመሸፈን ተስማምተናል፣ የፈረምንበትንም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። የምክር ቢሮዎቹ ከዕቃ ተለቅቀው ይመለሱ፤ ልጅ ገበናውን የሚያወራው በር በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። መዝገቡም ለመምህሩ ይመለስ።

የ11ኛ ክፍል የዘርፍ ምርጫ በምዝገባ ቀን መደረጉ ይቅር። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ክረምት ከመግባቱ በፊት ስለ ሁለቱ ዘርፎች ገለጻ ተሰጥቷቸው፣ ተማሪውም ወላጁም የፈረሙበት ቅጽ ይሞላ። ቦታ ስለጠበበ የሚዛወር ተማሪ ካለ በውጤትና በፍላጎት ይሁን፤ ምክንያቱም በጽሑፍ ይነገረው። ዘንድሮ ያለ ፍላጎታቸው የተመደቡ ጉዳያቸው እንደገና እንዲታይም እንጠይቃለን።

የምርጫ መሙያ ቀናት በተገለጹበት ሰሞን የየትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ከጠዋት እስከ ማታ፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር ክፍት ሆኖ ተማሪዎች ራሳቸው፣ በራሳቸው የይለፍ ቃል፣ መምህር አጠገባቸው ቆሞ ይሙሉ። ኔትወርክ በሌለባቸው ወረዳዎች ልጆቹ ወደ ቅርብ ትምህርት ቤት ሄደው እንዲሞሉ መምሪያው ያመቻች። እኛ በተራ ለመገኘት ዝግጁ ነን፤ አበል አንጠይቅም።

መምሪያው ከሚመለከታቸው አካላት ጠይቆ፣ ውጤት ከመውጣቱ በፊት በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ወረቀት ለየትምህርት ቤቱ ያድርስ። በየነጥብ ደረጃው ያሉት መንገዶች፣ የሚያስፈልጉት ሰነዶች፣ ለብቻቸው የሚፈትኑት ዩኒቨርሲቲዎችና በዞኑ ፈቃድ ያላቸው የግል ተቋማት ከነተፈቀደላቸው የትምህርት ክፍል ይዘርዘሩበት። መናኸሪያ ላይና ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አጠገብ ይለጠፍ፤ ደላላው የሚለጥፈው እዚያ ነውና። ያለ ፈቃድ ተማሪ የሚመዘግቡትንም መምሪያው ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ ያሳውቅልን።

የስምና የጾታ ስህተት ያለባቸውን ተፈታኞች ዝርዝር በየትምህርት ቤቱ አሰባስበን ጨርሰናል። የሚረከበን ባለሙያ በዚህ ሳምንት ይመደብልን። ፈተናው ከደረሰ በኋላ ማረሙ ለልጆቹም ለመምሪያውም ይከብዳል።

በመጨረሻም ቤት የቀረችው ተማሪያችን ጉዳይ መምሪያው በሚጽፈው ደብዳቤ ተደግፎ ለሚመለከተው አካል እንዲቀርብላት እንጠይቃለን። የእናቷ የሕክምና ማስረጃና የውጤት ወረቀቷ በእጃችን አለ፤ በማንኛውም የሥራ ቀን ይዘን እንመጣለን። ለቀሩት ጥያቄዎቻችን መልሱን በጽሑፍ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የዓመቱን ትምህርት ከማጠናቀቃቸው በፊት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የዞኑን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሆምሩም መምህራን በመወከል፣
የ12ኛ ክፍል ሆምሩምና የሒሳብ መምህር

ግልባጭ፦
ለየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች
ለየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርዕሳነ መምህራን
ለየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት